ሜላኖማ ጉሮሮ ውስጥም ይወጣል

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል ባልደረቦች፣

ጤና ይስጥልኝ። በጤና ዓምዳችሁ ስለ ሜላኖማ የወጣውን ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ስለ ቆዳ የተጻፈው ትክክል ነው። መልኩ የሚለዋወጥ፣ ጠርዙ ያልተስተካከለ፣ እያደር የሚሰፋ ጥቁር ነጥብ በገላው ላይ ያየ ሰው ሳይውል ሳያድር ለሐኪም ያሳይ መባሉ መልካም ምክር ነው። ብዕር ያስነሣኝ የመጨረሻው አንቀጽ ነው። ሜላኖማ የቆዳ ካንሰር እንደሆነ፣ ራሱን ከፀሐይ የጠበቀ ሰውም ከዚህ በሽታ እንደሚተርፍ ይናገራል። ይህ ለብዙዎቹ ሕሙማን እውነት ነው፤ ለጥቂቶቹ ግን አይደለም። እኔ የምጽፈው ስለ ጥቂቶቹ ነው።

የፓቶሎጂ ሐኪም ነኝ። ከታማሚ አካል የተቆረሰ ናሙና በማይክሮስኮፕ እያየሁ የበሽታውን ስም ጽፌ መላክ ነው ሥራዬ። በዚሁ ሥራ ላይ ፀሐይ አይቶት ከማያውቅ ቦታ፣ ከጉሮሮ ውስጥ የተቆረሰ ሜላኖማ አጋጥሞኛል። ከዚያ ወዲህ «ሜላኖማ የቆዳ ነው» ሲባል ዝም ብሎ ማለፍ ያቅተኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሜላኖማ የሚነሣው ሜላኖሳይት ከሚባሉ ሕዋሳት ነው፤ ለቆዳ፣ ለፀጉርና ለዓይን ቀለም የሚሰጠውን ሜላኒን የሚያመርቱት እነሱ ናቸው። ፅንስ በማኅፀን ሲሠራ እነዚህ ሕዋሳት ነርቭ ከሚበጅበት አካባቢ ተነሥተው ወደየቦታቸው ይጓዛሉ። አብዛኞቹ ቆዳ ላይ ይሰፍራሉ። ጥቂቶቹ ደግሞ አፍንጫን፣ አፍን፣ ጉሮሮን፣ ፊንጢጣንና ብልትን ከውስጥ በሚያለብሰው እርጥብ ሽፋን፣ እኛ ሙኮሳ በምንለው ውስጥ ይቀመጣሉ። ሕዋሱ ባለበት ሁሉ ካንሰሩ ሊነሣ ይችላል። በሙኮሳ ላይ ለሚነሣው ግን የፀሐይ ጨረር ተጠያቂ አይደለም። ታማሚውም «ምን አድርጌ ነው?» ብሎ ራሱን የሚወቅስበት ምክንያት የለም።

ብርቅ በሽታ መሆኑን አልክድም። በ1998 የታተመ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ከ84,000 በላይ የሜላኖማ ታማሚዎችን መዝገብ አገላብጦ ከሙኮሳ የተነሣው 1.3 ከመቶ ብቻ ሆኖ አግኝቶታል። ከእነዚህ ውስጥ ከግማሽ የሚበልጠው የራስና የአንገት አካባቢ ነው። እዚያም ቢሆን አብዛኛው አፍንጫ ውስጥና በዙሪያው ባሉት ክፍተቶች ይወጣል፤ አፍ ይከተላል፤ ጉሮሮና ማንቁርት ከሁሉም ያነሱ ናቸው። ይሁንና የቆዳ ሜላኖማ ብዙም በማይታይባቸው ሕዝቦች ዘንድ የሙኮሳው ድርሻ ከፍ ይላል። በ2011 የወጣ የቻይና ጥናት ከሜላኖማ ታማሚዎቹ ውስጥ 22.6 ከመቶ የሚሆኑት የሙኮሳ እንደሆኑ ዘግቧል። ስለዚህ ለጠቆር ያለ ቆዳ ባለቤቶች ስለ ሜላኖማ ስንጽፍ የውስጡን መተው የባሰ ጉድለት ነው።

አሁን ወደ አንዲት ታማሚ ልምጣ። በእድሜ የገፉ እናት ናቸው። ድምፃቸው ሻክሮ ቆየ። መጀመሪያ ጉንፋን ነው ተባለ፣ ቀጥሎ ከጨጓራ ወደ ላይ የሚመለስ አሲድ ነው ተባለና መድኃኒት ወሰዱ። ሲውጡ አንድ ነገር የተሰነቀረ ይመስላቸው ጀመር። ከዚያ ጆሯቸውን ያማቸው ገባ፤ ጆሮው ቢታይ ምንም የለበትም። (የጉሮሮና የጆሮ ስሜት በሚጋሯቸው ነርቮች ምክንያት የጉሮሮ ዕጢ ሕመሙን ጆሮ ላይ ሊያሰማ ይችላል። ጆሮው ጤነኛ ሆኖ በአንድ ወገን ብቻ የሚያመው አዋቂ ሰው ጉሮሮው ሳይታይ መሸኘት የለበትም።) በመጨረሻ ከአክታቸው ጋር ደም ሲያዩ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ዘንድ ደረሱ። ሐኪሙ ቀጭኑን ካሜራ በአፍንጫቸው አሳልፎ በማንቁርታቸው የላይኛው ክፍል ላይ ሥጋ መሰል እብጠት አገኘ። ቀይ ነው፣ ሲነኩት ይደማል፣ ጥቁር ነገር የለበትም።

ይህን «ጥቁር ነገር የለበትም» የሚለውን ልብ በሉልኝ። ከሙኮሳ ሜላኖማዎች ቀላል የማይባሉት ሜላኒን አያመርቱም፤ ቢያመርቱም በዓይን የማይታይ ጥቂት ነው። ሐምራዊ ወይም ቀይ እብጠት ሆነው ይታያሉ፣ ከማንኛውም የጉሮሮ ዕጢ አይለዩም። በተቃራኒው ደግሞ ሙኮሳ ላይ የሚታይ ጥቁር ነጥብ ሁሉ ካንሰር አይደለም። ጉዳት የሌለው የቀለም ክምችትም አለ፣ የሚለየውም ተቆርሶ ሲመረመር ነው።

የእናቲቱ ናሙና ለአንድ ላቦራቶሪ ተላከ፤ የትኛው እንደሆነ መጥቀስ አያስፈልግም። ውጤቱ «በደንብ ያልተለየ ካርሲኖማ» ተብሎ ወጣ። ካርሲኖማ ከሽፋን ሕዋሳት የሚነሣው፣ በጉሮሮ ዘወትር የምናየው የካንሰር ዓይነት ነው። በዚህ ውጤት መሠረት ጨረርና ኬሞቴራፒ ጎን ለጎን ሊሰጣቸው ቀጠሮ ተያዘ። ሕክምናውን ሊጀምሩ ሲሉ አንዲት የካንሰር ሐኪም የዕጢው አካሄድ አልጥም ስላላት ናሙናው ለሁለተኛ ጊዜ እንዲታይ ጠየቀች። ልጃቸው ስላይዶቹን (ስስ ቅራጮቹ የተለጠፉባቸውን መስታወቶች) እና ናሙናው በሰም ተቀርጾ የተቀመጠበትን ብሎክ በፖስታ ይዞ እኔ ዘንድ መጣ። ደክሞታል። «ዶክተር፣ ካንሰር መሆኑን እኮ ነግረውናል፤ ስሙ ቢቀየር ምን ይለውጣል?» አለኝ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ጥያቄው የእሱ ብቻ ስላልሆነ ነው። ሐኪሞችም በሆዳቸው የሚጠይቁት ጥያቄ ነው።

ስላይዱን አስቀምጬ አየሁት። ሕዋሳቱ ትላልቅና እርስ በርስ ያልተያያዙ ናቸው። በእያንዳንዱ አስኳል መካከል ደማቅ ሐምራዊ ነጥብ ጎልቶ ይታያል። ካርሲኖማ ሊመስል ይችላል፣ ሊምፎማ (የሊምፍ ሕዋሳት ካንሰር) ሊመስል ይችላል፣ ሳርኮማም (እንደ ጡንቻና አጥንት ካሉ አካላት የሚነሣ ካንሰር) ሊመስል ይችላል፤ ሜላኖማ የሁሉንም መልክ ሊይዝ የሚችል ዕጢ ነው። አንድ ጥግ ላይ ግን፣ ማጉያውን ከፍ ሳደርገው፣ ሁለት ሦስት ሕዋሳት ውስጥ እንደ ጥቀርሻ ብናኝ ያለ ቡናማ ነገር አየሁ። ደም የቆየበት ቦታም እንዲህ ያለ ቡናማ የብረት ዝቃጭ ስለሚተው በዚህ ብቻ አይፈረድም። ጥርጣሬን ለማጥበቅ ግን ይበቃል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የፀረ እንግዳ አካላት ማቅለሚያ ነው። አንድ ዓይነት ሕዋስ ብቻ የሚሠራውን ፕሮቲን ፈልጎ የሚጣበቅ ፀረ እንግዳ አካል ስስ ቅራጩ ላይ ይደረጋል፤ ፕሮቲኑ ካለ ቦታው ቀለም ይይዛል። ለካርሲኖማ ሳይቶኬራቲን፣ ለሊምፎማ ሲዲ 45፣ ለሜላኖማ ደግሞ ኤስ 100፣ ሶክስ 10፣ ኤችኤምቢ 45 እና ሜላን ኤ ይሠራሉ። ኤስ 100 ብቻውን አያስተማምንም፤ ሌሎች ዕጢዎችም ይይዙታል። ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። አብዛኞቹ ላቦራቶሪዎች የሚጠቀሙበት መግለጫ ቀለም ቡናማ ነው፤ ሜላኒን ራሱም ቡናማ ነው። ቀለም የበዛበት ዕጢ ሲያጋጥም የቱ ማቅለሚያው፣ የቱ ሜላኒኑ እንደሆነ መለየት ይቸግራል። ለዚህ ነው ቀዩን ቀለም የምንመርጠው፣ ወይም ሜላኒኑን አስቀድመን በኬሚካል የምናነጣው። የእናቲቱን በቀይ ሠራነው። ሳይቶኬራቲን ባዶ ነበር፣ ሲዲ 45ም ባዶ። ሶክስ 10 አስኳሎቹን ሁሉ አቀላቸው። ኤችኤምቢ 45 እና ሜላን ኤም ያዙ።

እንግዲህ ስሙ ተቀየረ። ምን ለወጠ?

በመጀመሪያ ፍለጋውን ለወጠው። ጉሮሮ ላይ የተገኘ ሜላኖማ እዚያው የበቀለ ሊሆን ይችላል፤ ከሌላ ቦታ ተሰራጭቶ የመጣም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቆዳቸው ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጣት፣ ጥፍር ሥር ሳይቀር ታየ። ዓይናቸው ውስጡ ታየ። አፍንጫቸው በካሜራ ተፈተሸ፤ አንድ ጊዜ ቆዳቸው ላይ ተቆርጦ የተጣለ ነገር እንዳለም ተጠየቁ። ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ ብዙዎች ይረሱታል፤ ከዓመታት በፊት «ቀላል ነው» ተብሎ ሳይመረመር የተጣለ ነጥብ ታሪኩን ሁሉ ሊያስረዳ ይችላል። መላ አካልን የሚያስሰው የፔት ስካንና የአንጎል ኤምአርአይ ምርመራ ተደረገ፤ ሜላኖማ ሳንባ፣ ጉበትና አንጎል ላይ ቶሎ የሚደርስ በሽታ ነውና። ሌላ ምንጭ አልተገኘም።

ቀጥሎ ደረጃውን ለወጠው። ለሌሎች የጉሮሮ ካንሰሮች ደረጃ ሲሰጥ ትንሹ ዕጢ ቲ 1 ተብሎ ይጀምራል። ለራስና ለአንገት ሙኮሳ ሜላኖማ ግን ቲ 1 እና ቲ 2 የሚባል የለም። ዕጢው ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን ከቲ 3 ይጀምራል። መጠኑ እያታለለ ሐኪሙን እንዳያዘናጋ ሆን ተብሎ የተሠራ አሠራር ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ሕክምናውን ለወጠው። ለካርሲኖማ ጨረርና ኬሞቴራፒ አንድ ላይ ተሰጥተው ማንቁርትን ሳይነኩ ማዳን የሚቻልበት ጊዜ ብዙ ነው። ለሜላኖማ ይህ መንገድ አይሠራም። ሊወጣ የሚችል ከሆነ ዋናው ሕክምና ቀዶ ጥገና ነው፤ ዕጢውን ዙሪያው ንጹሕ ሥጋ እስኪገኝ ድረስ ማውጣት። ቆዳ ላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር ጨምሮ መቁረጥ ይቻላል፤ ጉሮሮ ውስጥ ሁለት ሴንቲ ሜትር ማለት የድምፅ አውታር ነው፣ የመዋጫ መንገድ ነው። አንዳንዱ ታማሚ ማንቁርቱን ሙሉ በሙሉ ያጣል፤ ከዚያ ወዲያ አንገቱ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ ይተነፍሳል፣ ንግግርንም በሌላ ዘዴ እንደ አዲስ ይማራል። ይህን ዋጋ ለመክፈል ወይም ላለመክፈል የሚወስነው ታማሚው ነው። ያለ ትክክለኛው ስም ግን ውሳኔው ከየት ይነሣል? እናቲቱ ዕጢያቸው ከድምፅ አውታሩ በላይ ስለነበር ከማንቁርታቸው ከፊሉ ብቻ ወጣላቸው።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ጨረር ይጨመራል። ስለ ጨረሩ ለታማሚዎች እውነቱ ሊነገራቸው ይገባል፤ በሽታው እዚያው ቦታ ተመልሶ እንዳይመጣ ይረዳል፣ ዕድሜን ማርዘሙ ግን አልተረጋገጠም። ምክንያቱም በዚህ በሽታ ብዙ ጊዜ ሰውን የሚጎዳው ጉሮሮ ላይ ያለው ሳይሆን ቀድሞ ራቅ ወዳለ አካል የሄደው ነው።

ለዚያኛው ኢሚውኖቴራፒ መጥቷል። የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት ካንሰሩን እንዳያጠቁ የሚይዛቸውን ልጓም የሚፈቱ መድኃኒቶች ናቸው፤ ለዚህ ግኝት ጄምስ አሊሰንና ታሱኩ ሆንጆ በ2018 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ኢፒሊሙማብ በ2011፣ ፔምብሮሊዙማብና ኒቮሉማብ በ2014 በአሜሪካ ተፈቅደዋል። ሙኮሳ ላይ ያላቸው ኃይል ቆዳ ላይ ካላቸው ያነሰ ነው። በ2017 የታተመ የጥናቶች ድምር ትንተና እንደሚያሳየው ኒቮሉማብ ብቻውን ሲሰጥ ከቆዳ ሜላኖማ ታማሚዎች 41 ከመቶ በሚሆኑት ላይ ዕጢውን ሲያከስም ከሙኮሳዎቹ ግን 23 ከመቶ በሚሆኑት ላይ ብቻ ነው። ከኢፒሊሙማብ ጋር ሲጣመር ቁጥሩ ወደ 60 እና 37 ከመቶ ከፍ ይላል፤ ጉዳቱም አብሮ ይጨምራል። የተፈታው መከላከያ አንጀትን፣ ጉበትን፣ ሳንባን፣ የእንቅርት ዕጢን ሊያጠቃ ይችላል። ይህን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ተቅማጥ ወይም የትንፋሽ ማጠር ሲጀምረው ቀጠሮውን ሳይጠብቅ ለሐኪሙ ይደውል።

የዘር ምርመራውም እንዲሁ። ከቆዳ ሜላኖማዎች ግማሽ ያህሉ ቢራፍ በሚባል ዘረ መል ላይ ለውጥ ስላላቸው ያንን የሚመቱ እንክብሎች አሏቸው። ሙኮሳ ላይ ይህ ለውጥ ጥቂት ነው። በምትኩ ኪት የተባለው ዘረ መል የተለወጠባቸው አሉ፤ ለእነሱ ኢማቲኒብ የተባለው መድኃኒት የሚሠራበት ጊዜ አለ። ሳይመረመር አይታወቅም።

ውጤቱ አሁንም ከባድ መሆኑን አልሸፍንም። ከላይ በጠቀስኩት የ1998 ጥናት አምስት ዓመት የኖሩት ከቆዳ ሜላኖማ ታማሚዎች 80 ከመቶ ገደማ፣ ከሙኮሳዎቹ 25 ከመቶ ነበሩ። ያ ከኢሚውኖቴራፒ በፊት ነው። አንድ ሰው ይህን ቁጥር አይቶ «እንግዲያው መለየቱ ምን ይረባል?» ቢለኝ በፍጹም አልስማማም። ልጅየው የጠየቀኝን ያህል እናቲቱ ራሳቸው ሊጠይቁ መብት ነበራቸው፤ የማይሠራ ሕክምና ተቀብለው ጉሮሯቸው ተቃጥሎ ቢሆን ኖሮ የሠራው ሕክምና ቦታ ባላገኘ ነበር። ዛሬ ድምፃቸው ጎርናና ነው፣ ይናገራሉ፣ ክትትል ላይ ናቸው።

ከዝግጅት ክፍሉ የምለምነው የጤና ዓምዱ ለአንባቢ ይህን እንዲጨምር ነው። ድምፅ ሻክሮ ከአራት ሳምንት በላይ ከቆየ ማንቁርቱ በመሣሪያ መታየት አለበት። የአሜሪካ የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪሞች አካዳሚ በ2018 መመሪያው ያስቀመጠው ገደብ ይህ ነው፤ ቀድሞ ሦስት ወር ነበር። የሚያጨስ፣ አንገቱ ላይ እብጠት ያለበት፣ ደም የሚተፋ ሰው አራት ሳምንቱንም አይጠብቅ። የአሲድ መድኃኒት እየተሰጠ ወራት የሚያልፉበት ልማድ በጣም ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ማየቱ ደቂቃዎች ነው የሚወስደው። የድምፅ መምህሩ ማኑኤል ጋርሲያ የራሱን የድምፅ አውታር በጥርስ ሐኪም መስታወትና በፀሐይ ብርሃን ያየው በ1854 ነው።

ለሥራ ባልደረቦቼም አንድ ሁለት ነገር ልበል። ናሙና የምትልኩ ሐኪሞች ሆይ፣ «የጉሮሮ ዕጢ፣ ካንሰር?» ብቻ አትጻፉልን። የእናቲቱ መላኪያ ወረቀት ላይ የነበረው ይኸው ነበር። ከየት እንደተቆረሰ፣ ቀለሙ ምን እንደነበር፣ ከዚህ በፊት ከቆዳ የወጣ ነገር ካለ ጻፉት። የዳር ዳሩን የሞተ ሥጋ ሳይሆን ሕይወት ያለውን፣ ከአንድ በላይ ቅራጭ ላኩ፤ ፎርማሊኑም የናሙናውን አሥር እጥፍ ይሁን። ፓቶሎጂስቶች ደግሞ ከጉሮሮ፣ ከአፍና ከአፍንጫ መጥቶ ማንነቱ ያልተለየ ዕጢ ሁሉ ላይ ከሳይቶኬራቲን ጋር ቢያንስ ሶክስ 10ን እንጨምር። ማቅለሚያው የሌለው ላቦራቶሪ «ካርሲኖማ» ብሎ ከሚዘጋ «ያልተለየ አደገኛ ዕጢ፤ ተጨማሪ ማቅለሚያ ያስፈልገዋል» ብሎ ይጻፍ። እንዲህ የተጻፈ ውጤት ሐኪሙን ብሎኩን ወደሌላ ቦታ እንዲልክ ያነሣሣዋል።

ለታማሚዎችና ለቤተሰቦቻቸውም፦ ብሎኩ በደንብ ከተቀመጠ ለዓመታት ሳይበላሽ ይቆያል። ሁለተኛ አስተያየት ስትፈልጉ ውጤት የተጻፈበትን ወረቀት ብቻ ሳይሆን ስላይዶቹንና ብሎኩን ጠይቃችሁ ውሰዱ፤ አዲስ ማቅለሚያና የኪት ምርመራ የሚሠራው ከእሱ ነው። ስትረከቡ በላዩ ያለው ቁጥር ከውጤት ወረቀቱ ቁጥር ጋር አንድ መሆኑን አስተያዩ፣ ሙቀት ሰሙን ስለሚያቀልጠው ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አትተዉት፣ ምርመራው ሲያልቅም ወደ ላቦራቶሪው መልሱት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የፓቶሎጂ ሐኪም